ወደ ሀርቡ ጨፌ አይውረዱ

ነገሌ ቦረና
የካቲት 2006 ዓ.ም.

ውድ አባቴ ዋሪዮ፣

ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ ከብቶቹ ገና አሬሮ ካሉ፣ ጥላ ሥር ይቀመጡና እስከ መጨረሻው ያንብቡት። መንገድ ጀምረው ከሆነም ከብቶቹን እዚያው የደረሱበት ያቁሟቸውና ያንብቡት። ወደ ሀርቡ ጨፌ አይውረዱ። ልነግርዎ የፈለግሁት ይኸው ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ምክንያቱ ነው፤ ምክንያቱ ከባድ ስለሆነ ረዘም ይላል።

ሰላምታውን ማስቀደም እንደነበረብኝ አውቃለሁ። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎን ያመመዎት ተሻለዎት? እኛ አለን። ባሌ ቀጄላ ማስተማሩን አላቆመም፤ እኔም እዚያው ክሊኒኩ ካርድ ክፍል ነኝ። ስለ ልጄ ስለ ሄራን ወደ ኋላ እጽፍልዎታለሁ።

በስልክ ያልነገርኩዎት ለምን እንደሆነ አንቱም ያውቁታል። ስልክ ሲያወሩ ድምፅዎ በነፋስ ተሸክሞ ወደ ነገሌ የሚመጣ ይመስል ይጮሃሉ። እኔ አንድ ነገር ልጀምር ስል ደግሞ «እሺ፣ እሺ፣ ሰላም ሁኚ፣ ካርዱ አለቀ» ይሉና ይዘጉታል። ካርዱ አላለቀም። መስማት የማይፈልጉት ወሬ ሊመጣ ሲል ነው ሁልጊዜ የሚያልቀው። ወረቀት ግን አይዘጋም። ኦሮምኛ የሚጻፍበትን የላቲን ፊደል፣ ቁቤን፣ ስለማያነቡ፣ ያው በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ግራር ሥር ቁጭ ብለው በቆጠሩት፣ በኋላም ወታደር ቤት ባሻሻሉት ፊደል እጽፍልዎታለሁ። በኦሮምኛ ስንነጋገር እኔና አንቱ እንጨቃጨቃለን፤ በአማርኛ ትንሽ የምረጋ ይመስለኛል።

ኢያድ ባለፈው ሳምንት ከአሬሮ ሲመለስ የጭነት መኪናውን በራችን ላይ አቁሞ ሳይወርድ በመስኮት ተጣራ። «ስንቄ! አባትሽ ተሰጠው! ጎሳው ሰጠው! ጊደሮቹን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ጸጉራቸው ያበራል!» አለኝ። ደስታው ከፊቱ ላይ ይነበብ ነበር። ቡሳ ጎኖፋ እንዲሁ እንደ ዋዛ የሚገኝ ነገር እንዳልሆነ እኔም አላጣሁትም። ከብቱ ያለቀበት ሰው ጎሳው ፊት ቆሞ እንዴት እንዳለቀበት ይጠየቃል። በስንፍናው ያጠፋ ባዶውን ይመለሳል፤ ድርቅ፣ በሽታ ወይም ዘረፋ ያራቆተው ግን ከየበረቱ ተዋጥቶለት እንደገና ባለከብት ይሆናል። አንቱ ደግሞ ለሌላ ሰው ሲያዋጡ የኖሩ እንጂ እጅዎን ዘርግተው የቆሙ ሰው አይደሉም። እዚያ መቆሙ ምን ያህል እንዳቃጠለዎት አውቃለሁ።

ኢያድ ከሽማግሌዎቹ አንዱ የጠየቀዎትንም ነገረኝ። «ድርቅ አልነበረም። ዘራፊም አልመጣብህም። ታዲያ ከብትህን ምን ገደለብህ?» ብለውዎታል። አንቱም «አላውቅም» አሉ አሉ። እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ ከአንቱ አፍ «አላውቅም» ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። የቀረው ሰው ሁሉ ይህን ስለሚያውቅ ይመስለኛል አምኖ የሰጠዎት።

ይህን ሰምቼ እልል ልል አፌን ስከፍት ኢያድ መልእክቱን ጨረሰው። «ዝናቡ ሲጥል ወደ ሀርቡ ነው የምነዳቸው ብሏል። መጀመሪያ የምትወልደዋ ላም ወተት የሄራን ነው በላት ብሎሻል።» አፌን መልሼ ዘጋሁ። ኢያድ ምን ነካት ብሎ መሰለኝ ትንሽ አይቶኝ መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

አባዬ፣ ከብቶችዎን ምን እንደገደላቸው አንቱ አያውቁም፤ እኔ አውቃለሁ። ካወቅሁም ሰነበትኩ። ሁለታችንም ያየነውን ነገር እንደገና ላስታውስዎ፤ ያን ጊዜ ያላየነው በመሀሉ ስላለ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት በበልጉ ዝናብ ከወንዙ በላይ ያለው የወርቅ ማዕድኑ ግድብ ሲፈርስ በማግስቱ ደወሉልኝ። «ኢንታላ ቲያ፣ ልጄ፣ ወንዙ አመድ ጠጥቶ መጣ» አሉኝ። ግድብ ሲባል እኔም እንደ አንቱ የውሃ ማጠራቀሚያ መስሎኝ ነበር። ለካ ድንጋዩን እንደ ዱቄት ፈጭተው ወርቁን ከለዩ በኋላ የተረፈውን ጭቃ የሚያከማቹበት ኖሯል። ያ ሁሉ ጭቃ በአንድ ቀን ወንዙን ይዞ መጥቶ ሀርቡ ላይ ተኛ፤ ሜዳው ለጥ ያለ ስለሆነ ከዚያ ወዲያ የሚሄድበት ጉልበት አልነበረውም። እንቁራሪቶቹ በጀርባቸው ተንሳፈፉ። አንቱም «ጨፌው ዝም ብሏል፤ ዝምታው እንቅልፍ ነሳኝ» አሉኝ።

ነጭ ቆብ ያደረጉት የማዕድን ኩባንያው ሰዎች መጥተው ውሃውን በጠርሙስ ቀዱ። «አፈር ነው፣ ይታጠባል» ብለው ሄዱ። እውነትም ብዙ ሳይቆይ ውሃው ጠራ። ያን ጊዜ ሁላችንም የምናየው ውሃውን ነበር። ጠርቷል፣ አልጠራም፣ ይጠጣል፣ አይጠጣም፤ ሌላ ወሬ አልነበረም። ውሃው ከጠራ ነገሩ አለቀ አልን። ጭቃውን ልብ ያለው ሰው አልነበረም። ጭቃው ግን የትም አልሄደም።

ከዚያ በጋው መጣ። ጨፌው ከዳር ዳር ሲደርቅ ግራጫው ጭቃ ተሰነጣጠቀ፤ ላዩ ላይም ነጭ ነገር አወጣ። አንቱ ጎንበስ ብለው በጥፍርዎ ፍቀው ምላስዎ ላይ አደረጉት። ሌላ አገር ቢሆን ማንም ያን ጭቃ አፉ ውስጥ አይከትም ነበር። እኛ አገር ግን ከብት ያለ ሀያ አይኖርም። ያን ጨዋማ አፈር ያልላሰች ላም ወተቷ ይነጥፋል፣ ጸጉሯ ይቆማል፤ ለእሱ ሲባል መንጋው ቀናት ተነድቶ ጉድጓዱ ድረስ ይሄዳል። ሀያን በምላሱ በመለየት ደግሞ በሊበን ከአንቱ የሚስተካከል አልነበረም። ነጋዴዎች የያዙትን አፈር ሳይሸጡ «እስቲ ዋሪዮ ይቅመሰው» ይሉ ነበር። እኔም ልጅ ሆኜ የአባቴ ምላስ ከሰው ሁሉ ምላስ ይበልጣል ብዬ ትምህርት ቤት እኩራራ ነበር፤ ሌሎቹ ልጆች ሲስቁብኝ እንኳን አልገባኝም።

ምላስዎ አልዋሸም። ጨው ነበረበት። ጎረቤትዎን ዲባን ጠርተው አስቀመሱት፤ እሱም ራሱን ነቀነቀ። «ዋቃ ሀያውን ደጃችን ድረስ አመጣልን» አሉ። መንጋው ተጋፍቶ ላሰው፤ ጥጆቹ ሳይቀሩ። የሩቅ ሰዎች ሰምተው ከብቶቻቸውን እየነዱ መጡ፤ አንቱም ማንንም አልከለከሉም። ለነገሌም አልቀረም። በጆንያ ጭነው ላኩና ጎረቤታችን ቀድሪያ ሱቋ ውስጥ ከጨዉ አጠገብ አስቀምጣ «የዋሪዮ ሀያ» እያለች ሸጠችው። ለሄራንም ለብቻ በጨርቅ የተቋጠረ ቁራጭ መጣላት። ልጅ ሀያ መላስ ይወዳል፤ እኔም ልሼ ነው ያደግሁት። ስለዚህ ጨርቁን ፈትቼ ሰጠኋት።

የሆነውን አንቱ ከእኔ በላይ ያውቃሉ፤ እዚያው ነበሩ። ጥጆቹ ጥርሳቸውን ማፋጨት ጀመሩ። ላምዎ ዳለቻ ዓይኗን አፍጥጣ ግራሩ ውስጥ ገብታ ግንባሯን ግንዱ ላይ ደግፋ ስትገፋው ዋለች። «ታያለች፣ ግን አታይም» አሉኝ በስልክ፤ ያን ቀን አልጮሁም ነበር። ሌሎቹ እየዞሩ፣ እየዞሩ ወደቁ። የእንስሳት ሐኪሙ አባሰንጋ ይሆናል ብሎ ከተበ። አንቱም የሚያውቁትን ሁሉ አደረጉ። የታመመ ከብት እንዲበረታ ሀያ ይሰጠዋል፤ ይህን አባትዎ አስተማሩዎት፣ አንቱም ለሰው አስተማሩ። ስለዚህ ለታመሙት ጨመሩላቸው። ባሰባቸው። ደግመው ጨመሩላቸው።

በመጨረሻ ከላሞቹ የተረፈችውን ቦቃን ብቻ አስከትለው፣ ጆንያ ሀያ በአህያ ጭነው ግቢያችን ገቡ። ከስተው ነበር፤ እኔም ፊትዎን ላለማየት ዓይኔን ላሟ ላይ ተከልኩ። «ላም የሌለው አያት ምን አያት ነው?» ብለው በየጠዋቱ ቦቃን እያለቡ ለሄራን ይሰጧት ነበር። ወተቱ ትንሽ ስለነበር አንቱ አይቀምሱም፤ እኔንም አያስቀምሱም። ለቦቃ ሀያውን በሳፋ ሲያቀርቡላት ሄራን ከጎኗ ተንበርክካ አብራ ትልሳለች። «ይህቺስ ጥጃ ናት» ብለው ይስቃሉ። እኔም ከልቤ እስቅ ነበር። ያ ሁሉ ከደረሰብዎት በኋላ ሲስቁ ያየሁዎት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሄራን ሆዴን ማለት የጀመረችው አንቱ እዚሁ እያሉ ነው። ትል ነው አሉ፤ እኔም ትል ነው አልኩ፤ ክሊኒካችንም የትል መድኃኒት ሰጣት። ከዚያ ቦቃ ግቢው ውስጥ ሞተች። አንቱም ከኀዘኑ ይሁን ከኀፍረቱ ዱላዎን ይዘው ወደ አሬሮ ወጡ። ጆንያው እኛ ጋ ቀረ።

አንቱ ከሄዱ በኋላ ሄራን ተንቀጥቅጣ ወደቀች። ዓይኗ ተገለበጠ፣ አፏ አረፋ አወጣ። እኔ ክሊኒክ የምሠራዋ ሴትዮ ቆሜ ቀረሁ፤ ያነሳት ቀጄላ ነው። ስትነቃ ግማሽ ቃሎቿ አልነበሩም። «ውሃ» ትል የነበረች ልጅ ጣቷን ወደ ማሰሮው ትቀስር ጀመር። ሐዋሳ ወሰድናት። አልጋ ያዝን፣ ለምርመራ ደም ሰጠች፣ ጠበቅን። በስልክ «ታማ ነበር፣ ሐዋሳ ወስደናታል፣ ደህና ትሆናለች» ስልዎት ካርዱ አለቀ ብለው አልዘጉም ነበር። እኔ ነኝ የዘጋሁት።

ሐዋሳ ያገኘናት ዶክተር ወጣት ናት፤ ስትጠይቅ ሰው አታጣድፍም። ቤታችሁ ቀለም ይቀባል ወይ፣ አሮጌ ባትሪ የሚፈታ ሰው አለ ወይ፣ ወርቅ የሚያቀልጥ ጎረቤት አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። የለም፣ የለም፣ የለም አልኳት። «አፈር ትበላለች?» አለችኝ።

«ኧረ አትበላም። ሀያ ብቻ ነው የምትልሰው» አልኳት።

ብዕሯን አስቀመጠች። «ሀያው ከየት ነው የመጣው?»

ነገርኳት። የተረፈውን ቀጄላ ወደ ነገሌ ተመልሶ በፌስታል አመጣላት። ደሟንም አፈሩንም አዲስ አበባ ላኩት። ውጤቱ ሲመጣ ዶክተሯ በሩን ዘግታ አስቀመጠችኝና እርሳስ ነው አለችኝ። ለተማሪ የሚገዛውን አይደለም፤ አንቱ ወታደር ቤት የሚያውቁትን፣ ጥይት የሚሠራበትን ነው። ወርቁ ካለበት ድንጋይ ጋር መሬት ውስጥ አብሮ ተኝቶ የሚኖር ነው አለች። ድንጋዩ ሲፈጭ እሱም አብሮ ይፈጫል፤ ወርቁን ሲወስዱ እሱ ጭቃው ውስጥ ይቀራል። ግድቡ ሲፈርስ ከጭቃው ጋር ሀርቡ ወረደ። ሲደርቅ ከጨዉ ጋር ላዩ ላይ ወጣ። ከብቱን በመጀመሪያ ዓይኑን፣ ከዚያ አእምሮውን ይይዘዋል። በወተትም ያልፋል። ልጅን ደግሞ ከትልቅ ሰው አብልጦ ይጎዳል፤ ምክንያቱም አእምሮው ገና እየተሠራ ነው።

አባዬ፣ አሁን መጻፍ የማልፈልገውን ልጻፍልዎ። ሄራንን የመረዛት አንቱ ያመጡላት ሀያና የቦቃ ወተት ነው።

ይህን ፊትዎ ቆሜ መናገር አልችልም ነበር። ብዙ ጊዜ ልተወው አስቤያለሁ። ሽማግሌ ነው፣ ከብቱን አጥቷል፣ ይህን ከሰማ ይሞትብኛል አልኩ። ቀጄላም «ለምን ትነግሪዋለሽ፣ ምን ይጠቅማል?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ጊደሮቹ ባይመጡ ኖሮ ምንም አይጠቅምም ነበር። አንቱ ሳያውቁት፣ እኔ ይዤው፣ ሁለታችንም ሰላም ብለን እንኖር ነበር። አሁን ግን ያው ጨፌ፣ ያው ሳር፣ ያው ወተት፣ ያው ልጅ ሊገናኙ ነው። ስለዚህ አንቱን ከማሳዘንና ሄራንን ከመቅበር አንዱን መምረጥ ነበረብኝ፤ መረጥኩ። ይቅር ይበሉኝ አልልም፤ ዛሬም ቢሆን ይህንኑ ነው የምመርጠው።

ጥፋቱ የአንቱ አይደለም። ይህን ሁለት ጊዜ ያንብቡልኝ። አንቱ አባትዎ እንዳስተማሩዎት አደረጉ፤ ለራስዎ ሳያስቀሩ ለልጅ ሰጡ። ጥፋቱ መርዙን በጭቃ ግድግዳ አቁመው ወርቁን ጭነው የሄዱት ሰዎች ነው። «አፈር ነው» ብለው ሲሄዱ አፈሩ ውስጥ ምን እንዳለ እነሱ ያውቁ ነበር። ከሐዋሳ ስንመለስ ወረዳው በጠራው ስብሰባ ላይ ተነስቼ የሆነውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገርኩ። የኩባንያው ተወካይ መነጽሩን እየጠረገ ምን እንደመለሰልኝ ያውቃሉ? «በጎርፉ የሞተ ከብት ካለ እናያለን። ላሱ ግን እኛ አላልንም» አለ። ከሰዉ መሀል የሳቁ ነበሩ አባዬ። በኀፍረት ይሁን በምን አላውቅም፤ ብቻ ሳቁ። እኔ ያን ቀን ሰው መግደል ምን እንደሚመስል ገባኝ።

ቀድሪያ ወሬውን ስትሰማ የተረፋትን ሀያ ሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ገለበጠችው። ነጠላዋን አጥብቃ አስራ የሸጠችላቸውን ሰዎች ቤት ለቤት እየዞረች «አትላሱ፣ ለልጅም አትስጡ፣ በአላህ ይዣችኋለሁ» ትላለች። አንዳንዱ ይሰማታል። አንዳንዱ «ዋጋ ልትጨምሪ ነው?» ብሎ ይስቅባታል። አንዲት ነፍሰ ጡር ግን ሳትሰማው ቀረች፤ የሆነውን ልጽፍልዎ አልፈልግም። ቀድሪያ ከዚያ ወዲህ ሱቅ ከፍታ ትቀመጣለች እንጂ እንደ ድሮዋ አትጫወትም።

ዲባ ሳይደውልልዎ እንደማይቀር እገምታለሁ። «ና፣ ጨፌው ድኗል» ብሎዎት ይሆናል። ለእኔም ብሎኝ ስለነበር በዓይኔ ልይ ብዬ ባለፈው ወር ሄድኩ። አላጋነነም። ሳሩ የጥጃ ሆድ ይነካል። ውሃው እስከ ታች ያሳያል። ወፎቹ ተመልሰዋል፤ እንቁራሪቶቹም ይጮሃሉ። አንቱ ቢያዩት ያለቅሱ ነበር፤ እኔም አለቀስኩ፤ ልጅነቴን ያየሁ መሰለኝ።

«አየሽ?» አለኝ ዲባ። «አባትሽ ይምጣ። ሰዉ ያስወራል እንጂ መሬቱ ናጋ ነው፣ ሰላም ነው።»

«እስቲ ዱላህን ውጋው» አልኩት።

ወጋው። ሲያወጣው ጫፉ ያንኑ ግራጫ ጭቃ ይዞ ወጣ። ጥቁሩ አፈር ከላይ ስስ ሆኖ ነው ያለበሰው። ዲባ ጫፉን በሳሩ ጠረገና ወደ ሌላ ወሬ ገባ። አልፈረድኩበትም፤ የሚሄድበት ሌላ ቦታ የለውም፤ ሚስቱና ልጆቹ እዚያው ናቸው። ሰው መሄጃ ሲያጣ ያለበት ቦታ ድኗል ይላል። ከዩኒቨርሲቲ የመጡት ልጆችም በዚያው ሰሞን ጭቃውን ቀድተው ሄደው ነበር። ውሃው ሳይነካ ሲቆይ ንጹሕ ይመስላል አሉን፤ ከብት ገብቶ ሲረግጠው፣ ጎርፍ መጥቶ ሲያማስለው ግን ከታች ያለው ይነሳል። ሳሩም በሥሩ ይስበዋል። «እስከ መቼ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አንደኛዋ «ካልተነሳ አይሄድም» አለችኝ። የሚያነሳው ማን እንደሆነ አልጠየቅኋትም፤ እሷም አልነገረችኝም።

ስለዚህ የምለምንዎት ይህን ነው። ጊደሮቹን አሬሮ ካሉት ዘመዶቻችን በረት ያስቀምጧቸው። ቀላል ነገር እንደጠየቅሁዎት አድርገው አይቁጠሩብኝ። ከብት ይዞ የሌላ ሰው በረት ማደር ለአንቱ ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ የሰጠዎትም ጎሳ አገርዎ ገብተው እንዲኖሩበት እንጂ ተመልሰው እንዲጠጉት አልሰጠዎትም። ቢጠይቁዎ ተሰብስበው ሳሉ ይንገሯቸው። «ያን ጊዜ አላውቅም ብያችሁ ነበር፤ አሁን አውቄያለሁ» ይበሏቸው። ሌላው ሰው ከዚያ ጨፌ በጆንያ የመጣ አፈር ለከብቱ እየገዛ እንደሆነ ማን ያውቃል? አንቱ ቀምሰው ጥሩ ነው ስላሉ ነው ሰዉ ያመነው። አይደለም ሲሉም የሚያምነው አንቱን ነው። እኔን፣ ቀድሪያን፣ ከዩኒቨርሲቲ የመጡትን ልጆች ማን ይሰማል?

እምቢ ካሉ ደግሞ ይህን ይወቁ። ከብቶቹን ይዘው ሀርቡ ከወረዱ በሩን አልከፍትልዎትም። ወተቱን ተሸክመው ደጄ ቢቆሙ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ስንቄ አባቷን አባረረች ቢል፣ ቤተ ክርስቲያኔ ቢገሥጸኝ፣ አንቱ ቢረግሙኝ እንኳን አልከፍትም። ይህን የምጽፈው ልጅዎ ሆኜ አይደለም፤ የሄራን እናት ሆኜ ነው። ከጻፍኩት አንዱንም አልሰርዝም።

ጥፋቱ የአንቱ አይደለም ያልኩዎትን መልሰው እንዳይረሱት። ግን እስከ ዛሬ ነው። ከዚህ ወረቀት በኋላ ያውቃሉ።

ሄራንን ወደ ኋላ እጽፍልዎታለሁ ብዬ ነበር። ዶክተሯ የሚመለስ ይኖራል፣ የማይመለስም ይኖራል ብላኛለች፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ግን ጊዜ ነው የሚለየው። መንቀጥቀጡ ቀንሷል። ትበላለች። እጄን ይዛ ትሄዳለች። ቃሎቿ አልተመለሱም፤ እኔን እናቴ ትል የነበረችው አሁን ቀሚሴን ትጎትታለች። የእኩዮቿ እናቶች ልጆቻቸውን ከእሷ ራቅ ያደርጋሉ፤ በሽታው የሚጋባ ይመስላቸዋል፤ አስረድቻቸው ሰለቸኝ። አንቱንም እንደ ድሮው «አካኮ፣ አያቴ» ብላ አትጠራዎትም። ይህን አውቀው ይምጡ፤ ደርሰው እንዳይደነግጡ።

መምጣቱን ግን ይምጡ። ያለ ከብት፣ ያለ ወተት፣ ያለ ሀያ፣ ባዶ እጅዎን ይምጡ። አያት ነኝ ለማለት ምንም መያዝ የለብዎትም። ኢያድ ሲመለስ እንዲያሳፍርዎ ነግሬዋለሁ፤ ከራሱ አጠገብ ያለውን ወንበር ይዞልዎታል።

ከሰዓት በኋላ ሄራንን በሩ ላይ አስቀምጣታለሁ። ዝም ብላ መንገዱን ታያለች። ሰው ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ዞር ብላ አታየውም። ዱላ የያዘ ሽማግሌ ብቅ ካለ ግን ብድግ ትላለች። እስኪደርስ ቆማ ትጠብቃለች። ሲቀርብ አንቱ አይደሉም፤ ተመልሳ ትቀመጣለች።

ልጅዎ
ስንቄ ዋሪዮ